ዱላ የሌለው ዱላ ቅብብል

ጠዋት ከአልጋ ወርጄ የመጀመሪያዋን እርምጃ ስረግጥ ነበር የሚያመኝ። ቀኝ እግሬ፣ ከተረከዜ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጅማቱ ላይ። ሦስት አራት እርምጃ ከሄድኩ ይለቀኛል። ሻወር ቤት ስደርስ ረስቼዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ራሴን እያታለልኩ የኖርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የተረከዝ ጅማት ተንኮለኛ ነገር ነው። ሰውነት ሲሞቅ ዝም ይላል። እየሮጣችሁም ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መልሱን የሚሰጣችሁ በማግስቱ ጠዋት ነው። ያኔ ደግሞ የሮጣችሁትን ሮጣችኋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያትል ውስጥ ግሪን ሌክ ዙሪያ አብረን የምንሮጥ ጓደኛሞች አለን። ሐይቁን አንዴ መዞር 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለት ዙር እንሮጥና ቡና እንጠጣለን። ቡናው ከሩጫው ይረዝማል። አንድ ልማድ አለን፤ አንድ ሰው ወደ ኋላ ከቀረ ሁሉም ቆሞ ይጠብቀዋል። ደስ የሚል ልማድ ነው፣ የቀረው ሰው እናንተ እስክትሆኑ ድረስ። እኔ አሥር ሰው ቆሞ ሲጠብቀኝ ከማይ ጅማቴ ቢበጠስ ይሻለኛል። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ ሮጥኩ። እግሬን የጎዳው ይሉኝታ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እሺ፣ ትንሽ ማጋነን ነው። በአንድ ወር ውስጥ ርቀቴንም እጥፍ አድርጌው ነበር።

እጥፍ ያደረግኩት ሻምበል አንድ ቀን ማታ ግሩፓችን ላይ "ሁድ ቱ ኮስት ገብተናል!" ብሎ ስለጻፈ ነው። ሻምበል የምንለው ካፒቴናችንን ነው። ወታደር ሆኖ አያውቅም። ካፒቴን የሚለውን በአማርኛ እንበለው ስንል ሻምበል ሆነ፣ በዚያው ቀረ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሁድ ቱ ኮስት ኦሪገን ውስጥ በየዓመቱ ነሐሴ ወር ውስጥ የሚደረግ ዱላ ቅብብል ነው። ሁድ ተራራ ወገብ ላይ ካለው ቲምበርላይን ሎጅ ተነስቶ ሲሳይድ የምትባል ከተማ፣ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር ያልቃል። 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ማርቆስ ብትገቡ ገና ይተርፋችኋል። መንገዱ 36 ቦታ ይከፈላል፣ 12 ሰዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ይሮጡታል። ስድስቱ በአንድ ቫን፣ ስድስቱ በሌላ ቫን። የአንዱ ቫን ሰዎች ሲሮጡ የሌላው ይተኛሉ ይባላል። ቀንም ሌሊትም አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጀመር 8 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። አሁን ከሺህ በላይ ናቸው፣ ለመግባትም ዕጣ መውጣት አለበት።

ዱላ ቅብብል ልበለው እንጂ ዱላ እንኳን የለውም። የምንቀባበለው እጅ ላይ መታ ሲያደርጉት ራሱ የሚጠቀለል አምባር ነው። አሥራ ሁለት ሰው አልቦት ሲሳይድ ሲደርስ ምን ምን እንደሚሸት አልነግራችሁም።

ሻምበል ቲሸርታችን ጀርባ ላይ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብሎ አሳተመ። ያምራል። ተረቱ ግን ከሃምሳው አንዱ የራሱን ሎሚ መያዝ ሲያቅተው ምን እንደሚደረግ አይናገርም።

ለሻምበል ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስደውልለት ስለ ኪራይ አወራን። ስለ ልጁ ትምህርት ቤት አወራን። ስለ ዝናቡ አወራን። ስልኩን ልንዘጋ ስንል፣ "ሻምበል፣ እግሬ ልክ አይደለም" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። "አንድ ወር ሙሉ ስታነክስ አይተንሃል እኮ። መቼ ትናገር ይሆን ብለን ተወራርደናል።"

ውርርዱን ማን እንደበላ እስካሁን አልነገሩኝም። ሌላ ሰው እንዲተኩብኝ ለመንኩት። "ሾፌርም ሆነህ ቢሆን ትመጣለህ" አለ። ከአሥራ ሁለቱ ቦታዎች ቀለል የሚለውን ሰጡኝ። ይሄም አሳፈረኝ።

እናቴ አዲስ አበባ ሆና ወጌሻ ፈልግ ትለኛለች። እዚህ ወጌሻ የለም ስላት "ታዲያ ይሄ ምኑን አገር ሆነ?" አለች። በለጋ ቅቤ እሸው ብላ ዘጋችው። ሌላው ሰው ሁሉ ደግሞ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። በዚያ ሰሞን ይሄን ተረት ያልነገረኝ ሐበሻ የለም። እንቁላል ግን ጅማት የለውም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ለየት ያለ ነገር ነገረችኝ። እረፍት ብቻውን ጅማት አያድንም። ጅማት ሸክም ይፈልጋል፣ ግን በልኩ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶችህ ቁም፤ በደህናው እግር ወደ ላይ ተነስ፤ ከዚያ ሙሉ ክብደትህን በታመመው እግር ላይ አድርገህ ተረከዝህን ቀስ ብለህ ከደረጃው በታች አውርድ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጉልበት ታጥፎ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ጠዋትም ማታም። በቀን 180 ማለት ነው። ለ12 ሳምንት።

የዚህ ልምምድ ታሪክ ልምምዱን ራሱን አስወደደኝ። ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ ጅማቱን ታሞ ነበር። አለቃው ቀዶ ሕክምና አልሠራልህም አለው። ሰውየው ምን አሰበ? ጅማቱ ከተበጠሰ ወደደም ጠላም ይሠራልኛል አለ። ስለዚህ እያመመው፣ ሊበጥሰው፣ ተረከዙን እያወረደ ታገለው። ጅማቱ አልበጠስ አለ። ይባስ ብሎ ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 አሥራ አምስት ሰዎች ላይ ሞክሮ ውጤቱን አሳተመ። በእልህ የዳነ ዶክተር! ይሄን የሰማሁ ቀን የእኛ ሰፈር ልጅ መሰለኝ።

ሥራ ቦታ ደረጃ ላይ ቆሜ ወደ ላይ ወደ ታች ስል ያየ ሁሉ ምን ሆነህ ነው ይለኛል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የጠዋቷ እርምጃ ቀለለች። አንድ ደቂቃ ሮጬ አንድ ደቂቃ መራመድ ጀመርኩ። ከዚያ ሦስት ደቂቃ። ከዚያ አሥር።

ፊዚዮዋ አንድ ሕግ ነበራት። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጠው። እስከ አምስት ድረስ ብትሮጥ ችግር የለም። ዳኛው ግን ማግስቱ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከባሰብህ አብዝተሃል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የእኔ ጅማት መልስ የሚሰጠው በማግስቱ ነው። ሁድ ቱ ኮስት ደግሞ አንድ ቀን ሳይሞላ ሦስት ጊዜ ይጠይቀኛል። ይሄን ስነግራት ትንሽ አሰበችና እንግዲያው ቁጥሩን ለራስህ ሳይሆን ለቡድንህ ንገር አለችኝ። ተስማማን። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ቁጥሬን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከአምስት ካለፈ አልሮጥም፣ በእግሬ እሄዳለሁ።

ቁጥሬን እንድትጠይቅ የተመደበችው ሚጣ ናት። 22 ዓመቷ ነው፣ ሲያትል ነው የተወለደችው፣ አማርኛ ትሰብራለች። "ስንት ነው?" ማለት ሲገባት "ስንት ነህ?" ትለኛለች። ቫኑ በሙሉ ያዘው። ፖርትላንድ እስክንደርስ የሦስት ሰዓት መንገድ ሙሉ "ስንት ነህ?" "ስንት ነህ?" ሲባል ዋለ።

ፍልሰታ ተፈታ ብለን ደስ ሲለን ሩጫው የሚጀመረው አርብ ሆኖ ተገኘ። ጿሚው ስለሚበዛ ቫናችን ውስጥ ያለው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሱፍ ፍትፍትና አንድ ትልቅ ዕቃ በሶ ነው። ጎረቤቶቻችን የሯጭ ጉልበት መስጫ ጄል ሲመጥጡ እኛ በሶ እንበጠብጣለን። አንዱ ፈረንጅ ቀመሰና ፊቱን ቋጠረ። ከዚያ ደግሞ ጨምሩልኝ አለ።

የእኛ ቫን ሁለተኛው ስለሆነ መነሻው ላይ መገኘት አልነበረበትም፤ ለፎቶ ብለን ወጣን። አጠገባችን ያሉት ስለ ከፍታው ያወራሉ፣ አየሩ ሳሳ ይላሉ። ቲምበርላይን 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ በጣም ዝቅ ይላል። ልስቅ ስል እኔም ማለክለኬን አወቅኩ። አሥራ አምስት ዓመት ባሕር ጠርዝ ላይ ኖሬያለሁ ለካ።

አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ቲሸርታችን ላይ ያየ ሁሉ ይፈራናል። አንዱ፣ "በቃ እናንተ ናችሁ የምታሸንፉት" አለን። ጋሼ መለሱለት፦ "የለም፣ እኛ ሌሎቹ ኢትዮጵያውያን ነን።" ጋሼ 61 ዓመታቸው ነው። አገር ቤት እያሉ የስፖርት መምህር ነበሩ። ከእኔ ቀጥለው የሚሮጡት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን መንገድ የወሰደው በሌላው ቫን ያለው ሻምበል ነው። ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት 600 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ነው። እንደ ድንጋይ ተንከባለለ። ለሦስት ቀን ወንበር ላይ ሲቀመጥ "እግዚኦ" ይል ነበር።

የእኔ የመጀመሪያ ዙር ስፕሪንግዋተር በሚባለው መንገድ ላይ ነበር። ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ አሁን አስፋልት የለበሰ፣ ሜዳ የሆነ መንገድ ነው። ሚጣ "ስንት ነህ?" አለች። "አንድ" አልኩ፣ እውነቴን ነበር። እዚያ ሩጫ ላይ የቀደሙትን ሰው ቁጥር ቫን መስኮት ላይ የመጻፍ ልማድ አለ። ሚጣ የእኛን መስኮት ለሁለት ከፈለችው፤ ግማሹ ቡድናችን የቀደማቸው፣ ግማሹ እኔን የቀደሙኝ። ዘጠኝ ሰው ቀደመኝ። ዘጠኙም ሲያልፉኝ "ጉድ ጆብ!" አሉኝ። እየቀደመ የሚያመሰግን ሕዝብ! ምን ብለህ ትመልስለታለህ?

ሁለተኛው ዙር ሌሊት ነው። ከሴንት ሄለንስ ከተማ ሚስት ወደምትባል መንደር በሚወስደው ጫካ መሐል። ስልክ አይሠራም። ሜዳ ላይ በመኝታ ከረጢት ተኝቼ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ያህል። ስነሳ ቀኝ እግሬን መሬት ላይ ሳሳርፍ አወቅኩት። አራት። ምናልባት አምስት።

ሚጣ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ዓይኗን እያሸች፣ "ስንት ነህ?" አለች።

"ሁለት።"

ለምን እንደዋሸሁ ልነግራችሁ እችላለሁ። ቫኑ ውስጥ ሁሉም ደክሟል። አንዱ ሆዱን አሞታል። ጋሼ ከእኔ ቀጥለው በብርድ ሊሮጡ ነው። እኔ በእግሬ ልሂድ ብል አንድ ሰዓት ቆመው ሊጠብቁኝ ነው። ግሪን ሌክ ያለው እኔ ኦሪገን ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርኩ፤ ጅማቱ ሞቆ ዝም አለ። የግንባሬ ባትሪ አቧራውን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ከፊቴ ዳገቱ ላይ የሯጮች ቀይ መብራቶች እንደ ጥምቀት ዋዜማ ተደርድረዋል። ደስ አለኝ እንኳን። ጠጠሩ ሲጀምር ነገር ተበላሸ። እግሬ እየተንሸራተተ በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዜን ይጎትተዋል። ስድስት። ቆምኩ። ከዚያ መራመድ ጀመርኩ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ ኃይሌ ትዝ አለኝ። ነሐሴ 1996 ዓ.ም.፣ አቴንስ፣ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ሰፈሩ በሙሉ ታጭቆ ነበር። ኃይሌ የተረከዝ ጅማቱን ታሞ ልምምድ ሳይጠግብ ነው የመጣው። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ያዩታል። ከዚያ ፍጥነት ቀነሱለት። የኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ! ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ኧረ ሂዱ! ሂዱ!" ይጮኻል፣ ግማሹ ያለቅሳል። ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ያንን ሩጫ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ ሁልጊዜ የማወራው ስለጠበቁት ነው። ዞረው ሲያዩህ ማየት ምን እንደሚመስል አስቤ አላውቅም ነበር። ራሴን ከኃይሌ ጋር እያወዳደርኩ እንዳይመስላችሁ፤ እኔን በዚያች ሰዓት 23 ሰው ቀድሞኛል።

መቀባበያው ጋ ስደርስ ጋሼ ጋቢ ተከናንበው እየዘለሉ ይሞቃሉ። ከተባለው 20 ደቂቃ ዘግይቻለሁ። አምባሩን ከእጄ ፈልቅቀው እጃቸው ላይ መታ አደረጉት። ጋቢውን ወረወሩልኝ።

"ስንት ነህ?" አሉኝ፣ መሮጥ እየጀመሩ።

"ስድስት።"

"ቅድም ሁለት ነበርክ" አሉና ጨለማው ውስጥ ገቡ።

ሌላ ምንም አላሉኝም። በኋላም አላነሱትም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢው ላይ ተጠቅልዬ ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በረዶ ተረከዜ ላይ አስሬ፣ ሚጣን በአማርኛዋ ልክ ይቅርታ ጠየቅኳት። "ዋሸሁሽ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። ለካ ይሄ ቡድን የማያውቀው ነገር የለም።

ቅዳሜ ለሦስተኛው ዙር ስትጠይቀኝ "ስድስት" አልኩ። ቫኑ ጸጥ አለ።

"እሺ" አለች። "ስለዚህ ዎክ።"

"ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። ሰዓት ከምናምን ትጠብቁኛላችሁ።"

ጋሼ ከኋላ ወንበር ሳይነሱ፣ "ታዲያ የት ልንሄድ ነው?" አሉ።

ተራመድኩ። መጀመሪያ አካባቢ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሯጭ ሁሉ "ጉድ ጆብ" እያለ ያልፈኛል። ባሰ ደግሞ የእግር ተጓዦች ውድድርም አለ፣ ከፖርትላንድ ተነስተው በዚያው መንገድ የሚመጡ። አንዲት እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ፣ ሽበታቸው በኮፍያ ስር እየታየ፣ ክርናቸውን እያወዛወዙ በእርምጃ ቀደሙኝ። በእርምጃ! እሳቸውም "ጉድ ጆብ" አሉኝ።

ትንሽ ስሄድ ቫናችን መንገድ ዳር ቆሟል። ሚጣ ከፔርሙስ ቡና ቀድታ በሲኒ ሰጠችኝ። በሲኒ ነው የምላችሁ፣ የወረቀት ኩባያ አይደለም፤ አንዷ ከቤት ጠቅልላ አምጥታዋለች። ሲኒውን ይዤ መራመዴን ቀጠልኩ። ጭጋጉ ከዛፎቹ ላይ እየተነሳ ነበር። ላሞች አሉ፣ አጥር አለ፣ ርጥብ ሳር ይሸታል። የሯጭ ቁጥር የለጠፈ ሰው በሲኒ ቡና እየጠጣ ሲሄድ ያየ አንድ ሯጭ ቆሞ ፎቶ አነሳኝ። ቫኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ቆመ። ሲኒዋን ተቀበሉኝ፣ ሁለተኛ ቀዱልኝ። ሦስተኛ ቦታም ቆሙ። በረካ መሆኑ ነው። ሚጣ መስኮቱ ላይ የቀደሙኝን መቁጠሪያ ቦታ አልቆባት በሩ ላይ ጀምራለች።

መቀባበያው ላይ ጋሼ ቆመው ይጠብቁኛል። ዞር ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አልሮጥኩም።

ሲሳይድ ላይ የመጨረሻው ሯጭ ሲመጣ ቡድኑ በሙሉ አሸዋው ላይ አብሮት ይገባል። አሸዋ ለተረከዝ ጥሩ አይደለም። አሥራ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ በእኔ እርምጃ፣ ገባን። ሰዓታችንን አልጽፍም፤ ሻምበል ከልክሎኛል። ቅዳሜ ስለሆነ ማታውኑ ሥጋ ተገኘ።

እሁድ ጠዋት የተከራየነው ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ነቃሁ። ሁሉም ተኝቷል። እግሬን ከፍራሹ አውርጄ መሬት ላይ ላሳርፍ ፈራሁ። ቀስ ብዬ አሳረፍኩ። ለመነሳት ሞከርኩ። መልሼ ተቀመጥኩ።

ሻምበል ከሚቀጥለው ፍራሽ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "ስንት ነህ?" አለኝ።

"ሰባት።"

"ቁጭ በል እንግዲህ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ" አለና ሊነሳ ሞከረ። "እግዚኦ" አለ። እሱም መልሶ ተቀመጠ።